የመከራ ቀንና የአገር ኩራት

(በተማሪዎች ማኅበር የዐርብ ማታ ውይይት ላይ የተነበበ ንግግር)



ባለፈው ወር በዚሁ አዳራሽ ውስጥ «አገር የሚኮራው በምንድን ነው?» በሚል አርእስት ክርክር በተደረገ ጊዜ፥ ከተከራካሪዎቹ አንዱ የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። በውጭ አገር የሚኖሩ ዘመዶቹ ኢትዮጵያውያን መሆናቸውን በተናገሩ ቁጥር አስቀድሞ የሚቀርብላቸው ጥያቄ ስለ ረሀብ መሆኑን ከገለጠልን በኋላ፥ «ገመናችንን ለዓለም የገለጡብን ሰዎች ስማችንን ገደሉት» ብሎ ንግግሩን ፈጸመ። አዳራሹ በጭብጨባ ተሞላ። እኛም አጨበጨብን። ወደ መኝታ ክፍላችን ከተመለስን በኋላ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳን። በእውነት ስማችንን የገደለው ገመናውን ያሳየው ሰው ነው? ወይስ ወገን እያለቀ ገመናውን የሸፈነው?

በዚህ ጥያቄ አራት የክፍል ጓደኛሞች ብዙ ማታ ተከራከርን። ቤተ መጻሕፍትም ገብተን ሌሎች አገሮች የመሬት መናወጥ፥ ማዕበል፥ ጎርፍና ድርቅ በደረሰባቸው ጊዜ ምን እንዳደረጉ አነበብን። ዛሬ የምናቀርብላችሁ የዚያን ንባብና ክርክር ፍሬ ነው። የጻፍነው በአንድነት ስለሆነ «እኛ» እያልን እንናገራለን። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን፥ የራሳችንን ደግሞ በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር እንጠራለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንስማማ። መሬት ስለተናወጠች ወይም ዝናብ ስለቀረ የሚያፍር አገር ሊኖር አይገባም። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። የሚያስመሰግነውም የሚያሳፍረውም መከራው ከመድረሱ በፊት የተደረገው ዝግጅትና ከማግሥቱ ጀምሮ የተሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ አገሮችን የምናነጻጽረው በዚህ ነው እንጂ፥ ማን ብዙ መከራ ደረሰበት በማለት አይደለም።

በቻይና እንጀምር። በ1976 ዓ.ም. ጁላይ 28 ቀን፥ ሊነጋ ሲል፥ ታንግሻን የተባለችውን የከሰል ድንጋይና የፋብሪካ ከተማ የመሬት መናወጥ ደመሰሳት። ሰው ሁሉ ተኝቶ ነበር። በመንግሥቱ ቆጠራ 242 ሺህ ያህል ሰዎች ሞቱ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ልዩ ልዩ አገሮች እንርዳችሁ ብለው ቢጠይቁ፥ የቻይና መንግሥት በራሳችን እንወጣዋለን ብሎ መለሰ። ወታደሮች መቆፈሪያ ሳይኖራቸው በባዶ እጃቸው ፍርስራሽ ሲጭሩ ዋሉ፤ ጎረቤትም ጎረቤቱን አወጣ። ስለነዚህ ሰዎች ጀግንነት ክርክር የለንም። ነገር ግን የሟቾቹ ቁጥር ለሕዝቡ የተነገረው ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1979 ነው። እናት ልጇን ቀብራ ከእርሷ ጋር ስንት እናቶች እንዳለቀሱ ለማወቅ ሦስት ዓመት ጠበቀች ማለት ነው።

ይኸው አገር ከ32 ዓመት በኋላ ሌላ መልክ አሳየ። በ2008 ዓ.ም. ሜይ 12 ቀን በሲችዋን ክፍለ አገር መሬት ተናውጦ 69 ሺህ ያህል ሰዎች ሞቱ፤ 18 ሺህ ያህልም የደረሱበት ጠፋ። በዚህ ጊዜ መንግሥቱ በሩን ከፈተ። ከውጭ አስቀድሞ የገባው የነፍስ አድን ቡድን የጃፓን ነበር። በቻይናና በጃፓን መካከል ያለውን የጦርነት ቁስል ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞም ባንዲራ ለመሪ ሳይሆን ለተራው ሕዝብ ሦስት ቀን ዝቅ ብሎ ተውለበለበ። ይሁን እንጂ ሥራው ሙሉ አልነበረም። ከሞቱት መካከል ከ5 ሺህ በላይ የሚሆኑት ትምህርት ቤት የተናደባቸው ተማሪዎች ነበሩ። «ሌላው ሕንፃ ቆሞ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ለምን ወደቀ?» ብለው የጠየቁ ወላጆች ዝም እንዲሉ ተደረገ። በሩ ለእንግዳ ተከፍቶ ለባለቤቱ ተዘጋ።

በዚያው ወር በበርማ የሆነው ከዚህ ይብሳል። ናርጊስ የተባለው ማዕበል የኢራዋዲን ወንዝ ቆላ ጠርጎ 138 ሺህ ያህል ሰዎች ሞተውና ጠፍተው ሳለ፥ በሥልጣን ላይ የነበሩት የጦር መኰንኖች ለእርዳታ ሠራተኞች የመግቢያ ፈቃድ ከለከሉ። እህልና መድኃኒት የጫኑ የውጭ መርከቦች ከባሕር ዳር ርቀው ቆመው ጠበቁ። ማዕበሉ ካለፈ አንድ ሳምንት ያህል ብቻ ቆይቶ፥ ሜይ 10 ቀን፥ መንግሥቱ ስለ አዲስ ሕገ መንግሥት ድምፅ አሰጠ፤ ክፉኛ በተጎዱት ወረዳዎች ብቻ በሁለት ሳምንት አዘገየው።

ክቡራን አድማጮች፤ ስለ ቻይናና ስለ በርማ ስንናገር አንዳንዶቻችሁ ወዴት እንደምንሄድ አውቃችኋል። እነርሱን ነቅፈን ራሳችንን ብንዘል ንግግራችን ሐሰት ይሆናል።

በ1965 ዓ.ም. ወሎ በድርቅ ተመትቶ ገበሬዎች በዋናው የመኪና መንገድ ዳር ተሰልፈው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ይለምኑ ነበር። ወደ አዲስ አበባ ተጉዘው ችግራቸውን ለማሰማት የተነሡትም በፖሊስ ተመለሱ። በዚያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ወርደው ያዩትን በፎቶግራፍ ይዘው ተመለሱና በዩኒቨርሲቲው ግቢ አሳዩ። ተማሪውም በዚህ ተቈጥቶ ተነሣ። ለመንግሥቱ ግን ነገሩ የአገር ስም የሚያጎድፍ ነበር። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሀብ» የተባለውን ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን አሳየና ዓለም ሁሉ ሰማ። ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር ተቀጣጥሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ነው። በዚያ ረሀብ የሞተው ሰው ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። ግምቱ ይህን ያህል መራራቁ ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ በጊዜው የቈጠራቸው አልነበረም።

ስለዚህ ረሀብ የሕንዱ የኤኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ ያገኘውን ልብ እንበል። በዚያ ዓመት የአገሪቱ ጠቅላላ የምግብ ምርት ከወትሮው እጅግ የወረደ አልነበረም። የወሎ ገበሬ ግን እርሻው ስለደረቀና ከብቱ ስላለቀ የሚገዛበት ገንዘብ አጣ። ከወሎም እህል ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። እንግዲህ ሰው የሞተው እህል በአገሩ ጨርሶ ስለጠፋ ብቻ አይደለም። ችግሩን በጊዜው ቢያወሩት ኖሮ መንገዱ ነበር፤ መኪናውም ነበር።

የድሮው መንግሥት ወድቆ አዲሱ ሲመጣ ረሀብን ደብቆ የወደቀውን ሥርዓት ብዙ አወገዘው። የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽንም ነበረው። ሆኖም ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፥ አዲስ አበባ በአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት በዓል አሸብርቃ ሳለ፥ በሰሜን ሕዝብ እየረገፈ ነበር። የኮሚሽኑ ሰዎች አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። ለጋሾቹ መንግሥታትም በፖለቲካ ምክንያት ጆሮአቸውን ዳባ ልበስ ብለዋል። የእኛው መንግሥት ደግሞ በዓሉ እስኪያልፍ ድረስ የውጭ ጋዜጠኞች ወደዚያ እንዳይሄዱ ከለከለ። ጥቅምት 13 ቀን ማይክል በርክ የተባለው የቢቢሲ ጋዜጠኛና ኬንያዊው ፎቶ አንሺ መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት ሥዕል ለዓለም ታየ። ዘመዶቻችን በውጭ አገር የሚጠየቁት ጥያቄ የተወለደው ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ወደ ጓደኛችን ቃል እንመለስ። ሥዕሉን ያነሡት ሰዎች ስማችንን ገደሉት ይበል። እኛ ግን እንዲህ ብለን እንጠይቀዋለን። በመስከረም ወር የእኛው ሬዲዮ «ኮረም ላይ ወገን እየሞተ ነው፤ ያለው ያዋጣ» ብሎ ለፍፎ ቢሆን ኖሮ፥ በጥቅምት ወር እንግዳ መጥቶ ምን ያሳየን ነበር? አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ለግለሰብ ብቻ አይመስለንም።

ሁለተኛው የኩራት ዓይነት መከራውን አይደብቅም፤ የተዘረጋለትን እጅ ግን ለመቀበል ያፍራል። ይህ በሀብታሞቹም ይታያል። በ1995 ዓ.ም. ጃንዋሪ 17 ቀን የጃፓን ከተማ ኮቤ ተናውጣ ከ6 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። ለመሬት መናወጥ ከእኛ በላይ የተዘጋጀ የለም የሚለው መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግራ ገባው። የሰው ጠረን የሚያነፈንፉ ውሾች ይዞ ልምጣ ያለው የስዊትዘርላንድ ቡድን ስለ እንስሳት ማግለያ ሕግ በተነሣ ክርክር ተጓተተ። በፍርስራሽ ሥር ላለ ሰው አንድ ሰዓትም ዕድሜ ነው። ጃፓኖች ግን ይህን አልረሱም። በ2011 ዓ.ም. ማርች 11 ቀን ታላቁ ሱናሚ በደረሰ ጊዜ የአሜሪካን ጦር ኀይል ጨምረው የብዙ አገሮችን እርዳታ ወዲያው ተቀበሉ።

በ2005 ዓ.ም. ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ በአሜሪካ አገር ኒው ኦርሊየንስን ሲመታ፥ መንግሥት ራሱ የሠራቸው የውኃ ግድቦች ከ50 በሚበልጥ ቦታ ተደረመሱ። ከ1 ሺህ 300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱትም ብዙዎቹ ሽማግሌዎችና መኪና የሌላቸው ድሆች ነበሩ። ከ100 በላይ አገሮች እንርዳችሁ አሉ። ከነዚያም መካከል ባንግላዴሽ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ ያለች ነበረች። ኩባ ከ1 ሺህ 500 በላይ ሐኪሞች እልካለሁ ብትል አሜሪካ አልተቀበለችም። ከተሰጠውም እርዳታ ብዙው እንዴት እንደሚቀበሉት ሳያውቁበት ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። መስጠትን ብቻ የለመደ እጅ መቀበል ሲገባው እንዴት እንደሚዘረጋ አያውቅም። ያን ጊዜ የሜክሲኮ ወታደሮች የሚበላ ምግብ የሚያበስሉ መኪናዎች ይዘው ድንበር ተሻግረው ቴክሳስ ገቡ፤ ለተፈናቀሉትም አበሰሉ።

ሜክሲኮን ካነሣን አንድ የማንዘነጋው ታሪክ አለ። በ1985 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 19 ቀን ዋና ከተማዋ በመሬት መናወጥ ስትፈርስ፥ የፕሬዚዳንት ሚጌል ዴ ላ ማድሪድ መንግሥት በመጀመሪያ የውጭ እርዳታ አያስፈልገንም አለ፤ ኋላም ሐሳቡን ለወጠ። ሕዝቡ ግን መንግሥትን አልጠበቀም። ወጣቶች በፍርስራሹ ሥር እንደ ፍልፈል እየተሹለኮለኩ ሰው አወጡ፤ ስማቸውም እስከ ዛሬ «ፍልፈሎቹ» ይባላል። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል 5 ሺህ ዶላር ለሜክሲኮ ላከ። አስተውሉ፤ እኛ ራሳችን በዚያ በታላቁ ረሀብ ውስጥ ነበርን። የዓለም ሕዝብ ለኢትዮጵያ ገንዘብ እያዋጣ ሳለ ኢትዮጵያ ለሜክሲኮ አዋጣች። ምክንያቱም ፋሺስት ኢጣልያ በወረረን ጊዜ ሜክሲኮ ወረራውን አልቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች፥ የቆየ ውለታ መመለስ ነበር። ሜክሲኮ አደባባይን በየቀኑ የምንሻገር ሁሉ ስሙ ከዚህ ወዳጅነት መምጣቱን እናስብ። በሜክሲኮ ከተማም በአገራችን ስም የተጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ።

ያ 5 ሺህ ዶላር በሜክሲኮ አንድ ፎቅ እንኳ አላቆመም። እኛ ግን ከዐሥረኛው ዓመት በዓል ሰልፍ ሁሉ ይልቅ በዚህ እንኮራለን።

ሦስተኛው ኩራት ሙታኑን የሚቈጥርና ከቁጥሩ የሚማር ኩራት ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ ሆኖ ያገኘነው ሀብታም አገር ሳይሆን ባንግላዴሽ ነው።

በ1970 ዓ.ም. ኖቬምበር 12 ቀን ሌሊት፥ ያ አገር ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ይባል በነበረ ጊዜ፥ ቦላ የተባለው ማዕበል ባሕሩን ወደ መሬት አወጣውና ከ300 ሺህ እስከ 500 ሺህ የሚገመት ሕዝብ አለቀ። በሩቁ በምዕራብ ፓኪስታን የተቀመጠው የጄኔራል ያህያ ኻን መንግሥት እርዳታውን አዘገየ። ሕዝቡም ይህን አልረሳም። በሚቀጥለው ወር በተደረገው ምርጫ ለምሥራቁ ክፍል ከተመደቡት 162 ወንበሮች የሼኽ ሙጂቡር ራህማን ፓርቲ 160 ወሰደ። በዓመቱም ከደም መፋሰስ በኋላ አዲስ መንግሥት ተወለደ።

አዲሱ መንግሥት ድሀ ነበር፤ ጦርነት ያደቀቀው ነበር። ቢሆንም ከመጀመሪያ ሥራዎቹ አንዱ ከቀይ ጨረቃ ማኅበር ጋር ሆኖ የማዕበል መከላከያ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት ማቋቋም ሆነ። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው። በየመንደሩ ሴትም ወንድም በጎ ፈቃደኞች ይመረጣሉ። አደጋው እየቀረበ ሲሄድ አንድ፥ ከዚያም ሁለት፥ ከዚያም ሦስት ባንዲራ ይሰቅላሉ። ድምፅ ማጉያ ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። ሽማግሌውን ተሸክመው ይወስዳሉ። መጠለያው በምሰሶ ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ ቤት ሲሆን ማዕበል በሌለበት ጊዜ ለልጆች ትምህርት ቤት ይሆናል። ይህን ስናነብ ትዝ ያለን የሰፈራችን የእድር ጥሩምባ ነፊ ነው። በሌሊት ተነሥቶ በየደጁ እየነፋ የሰውን ስም ይጠራል፤ ሰምቶም የሚቀር የለም።

ነገሩ ግን በአንድ ቀን አልተሳካም። በ1991 ዓ.ም. ኤፕሪል 29 ቀን ሌላ ማዕበል መጥቶ 138 ሺህ ያህል ሕዝብ ፈጀ። ያን ጊዜም የሞተውን ቈጠሩት፤ ቈጥረውም ጠየቁ። ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶች በብዛት መሞታቸውን አዩ። ሴቲቱ ባሏ ሳይመጣ ቤቷን ትታ ለመውጣት ትፈራ ነበር። መጠለያው ወንድና ሴት የሚደባለቅበት ስለሆነ ታፍር ነበር። ልጆቿንም ትታ አትሮጥም። ገበሬውም ከብቱን ትቶ አይሄድም። ስለዚህ መጠለያዎቹ በዙ፤ በመጠለያው ለሴቶች የተለየ ክፍል ተሠራ፤ ሴቶች በጎ ፈቃደኞችም ተጨመሩ፤ ለከብቱም አፈር ተቈልሎ ከፍ ያለ መቆሚያ ተበጀ። በ2007 ሲድር የተባለው ታላቅ ማዕበል ሲመጣ የሞተው 3 ሺህ 400 ያህል ነው። በ2020 አምፋን ሲመጣ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ያህል ሰው አስቀድሞ ወደ መጠለያ ገብቶ፥ በዚያ አገር የሞተው በአሥር የሚቈጠር ብቻ ሆነ።

ከመቶ ሺዎች ወደ አሥሮች! ይህን ያደረገው ነዳጅ ዘይት ወይም ወርቅ አይደለም። ይህን ያደረገው ሬሳን መቁጠር፥ «ለምን?» ብሎ መጠየቅና መልሱን ለሕዝብ መንገር ነው። አንድ የባንግላዴሽ ተማሪ ዛሬ ውጭ አገር ሄዶ ስለ ማዕበል ቢጠየቅ፥ አንገቱን አቅንቶ እንዴት እንደምናመልጥ ላስረዳችሁ ሊል ይችላል።

በጃፓንም የዚህን ኩራት ምልክት አገኘን። በሰሜን ምሥራቅ ባሕር ዳር አኔዮሺ በምትባል ትንሽ መንደር አንድ የድንጋይ ሐውልት ቆሟል። ከ1933ቱ ሱናሚ በኋላ የተረፉት ያቆሙት ነው። የተጻፈበት የድል ታሪክ አይደለም፤ ከዚህ ድንጋይ በታች ቤት አትሥሩ የሚል ነው። የልጅ ልጆቻቸው ታዘዙ። በ2011 ውኃው ከድንጋዩ በታች ቆመ፤ ከላይ ያሉት ቤቶችም ተረፉ። የፉኩሺማው የአቶም ኀይል ጣቢያ ግን በዚያው ቀን ተበላሽቶ ሕዝብ ተፈናቀለ። የጃፓን ምክር ቤት ያቋቋመው መርማሪ ጉባኤ በ2012 ባቀረበው መግለጫ፥ አደጋው የሰው እጅ ሥራ መሆኑን፥ ጥፋቱም ከራሳችን ልማድ የመጣ መሆኑን በግልጥ ጻፈ። የራስን ጥፋት በራስ አፍ መናገር ለጃፓን ውርደት ነው ያላት ማን ነው?

ስለ ጃፓን አንድ መራራ ነገርም እንጨምር። በ1923 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 1 ቀን ቶኪዮና ዮኮሃማ ተናውጠው በእሳት ሲቃጠሉ 105 ሺህ ያህል ሰዎች ሞቱ። በዚያን ሰሞን ኮሪያውያን ጕድጓድ ውኃ መረዙ የሚል የሐሰት ወሬ ተነዛና በሺህ የሚቈጠሩ ኮሪያውያን ተገደሉ። የአገር ኩራት በመከራ ቀን ባዕድ የሚመስለውን ሰው ጥፋተኛ አድርጎ የሚፈልግ ከሆነ፥ ከመሬት መናወጡ የከፋ መከራ ይሆናል። ይህ ለማንኛውም ብዙ ነገድ ላለበት አገር ትምህርት ነው።

አሁን የሚቃወመንን ሰው እንስማ። «እርዳታ ያዋርዳል፤ ለጋሽ ሁሉ ጥቅሙን ይዞ ይመጣል፤ ዝንብ የወረረው ሕፃን ፊት በየጋዜጣው ሲለጠፍ ክብር የት አለ?» ይለናል። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። የተራበን ሰው ስሙን ሳይጠይቁ ፊቱን ብቻ መውሰድ እኛንም ያሳዝነናል። እርዳታን እምቢ ማለትም ሁልጊዜ ኀጢአት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. ዲሴምበር ሱናሚ ሕንድን መትቶ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ሲሞቱ፥ ሕንድ በመጀመሪያ የውጭ መንግሥታትን እርዳታ አልፈልግም አለች፤ ነገር ግን በዚያው ሳምንት መርከቦቿን ወደ ስሪላንካ፥ ወደ ማልዲቭና ወደ ኢንዶኔዥያ ላከች። በኦዲሻ ክፍለ አገሯ በ1999 ማዕበል 10 ሺህ ያህል ሕዝብ ከገደለ በኋላ ተዘጋጅታ፥ በ2013 ፋይሊን ሲመጣ 1 ሚሊዮን ያህል ሰው አሸሸች፤ የሞተውም 50 አልሞላም። እንዲህ ያለው «በራሴ እችላለሁ» ሥራ የተከተለው ነው። በአንዳማንና በኒኮባር ደሴቶች ግን የውጭ እርዳታ ሠራተኞች እንዳይገቡ መከልከሏ በትክክል ተነቅፏል።

ስለዚህ መለኪያችን ይህ ነው፤ የኩራቱን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? እምቢ ያለው ባለሥልጣን ራሱ በባዶ ሆዱ የሚያድር ከሆነ ኩራቱን እናከብርለታለን። እርሱ ጠግቦ እምቢ ሲል በኮረም ወይም በኢራዋዲ ዳር ያለች እናት የምትከፍልለት ከሆነ ግን፥ ያ ኩራት የተበደሩት ነው።

ከእርዳታ ጋር ክብር እንዴት እንደሚኖርም ከሩቅ መማር አያስፈልገንም። እናቶቻችን በእድር ያውቁታል። ኀዘን የደረሰበት ሰው የእድሩን ድንኳንና ንፍሮ ሲቀበል አይሸማቀቅም፤ ነገ እርሱም ለሌላው ይቆማልና። የሚያሸማቅቀው ሳያዋጡ መቀበል ወይም አዋጥቶ ኀዘንን መደበቅ ነው። ያቺ 5 ሺህ ዶላር የእድር መዋጮ ነበረች። አገሮችም እንዲሁ ቢሆኑ ለጋሽና ለማኝ የሚባል ነገር ባልኖረ።

አገራችን ከዚያ ወዲህ አልተማረችም አንልም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት መርሐ ግብር በሚሊዮን የሚቈጠር ገበሬ ከብቱን ሳይሸጥ ክፉ ዘመን እንዲያልፍ ታግዟል። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ እርዳታ ሲያስፈልገው ቁጥሩ በየጊዜው ተነገረ፤ መንግሥትም ከራሱ ገንዘብ አወጣ። ጉድለት ባይጠፋም የ1977 ዓ.ም. እልቂት አልተደገመም። ቁጥሩ መነገሩ አገሪቱን አላፈረሰም።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ኬንቾ ሻቻ በተባለው ቀበሌ ከባድ ዝናብ ተራራውን ናደው። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋ ሲቆፍሩ ተራራው ዳግመኛ ተናደባቸው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚያም ብዙዎቹ ለመርዳት የሮጡት ነበሩ። የሕዝባችንን ልብ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ልብ ያለው ሕዝብ ተራራው እንደሚደገም አስቀድሞ የሚነግረው ሰው አይገባውምን? ይህ ዩኒቨርሲቲ የመሬትና የአየር ጠባይ የሚያጠኑ ተማሪዎችን የሚያስተምረው ለምንድን ነው?

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በክረምቱ እያንዳንዳችን ወደ አገራችን ስንሄድ ሽማግሌዎችን እንጠይቅ። ጎርፉ በየት ዓመት እስከ የት ደረሰ? የትኛው ገደል ተናደ? በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ከዚህ መንደር እነማን ሞቱ? ስማቸው ማን ነበር? ማኅበሩ ለዚህ የሚሆን መዝገብ ይክፈት፤ የጂኦግራፊና የስታቲስቲክስ መምህራኖቻችንም አሠራሩን ያሳዩን። ሐውልት ማቆም ባንችል እንኳ አኔዮሺዎች በድንጋይ የጻፉትን እኛ በወረቀት እንጽፋለን። በ1965 ዓ.ም. ፎቶግራፉን ይዘው የመጡት መምህራን የሠሩት ይህንኑ ነበር፤ አገራቸውንም አላዋረዱም።

ያ ጓደኛችን ዛሬም በመካከላችን ተቀምጧል። አንተ ወንድማችን፤ ባለፈው ያጨበጨብንልህ ከልብ ነበር፤ የተናገርከው ሕመም የእኛም ሕመም ነውና። የመዝገቡን የመጀመሪያ ገጽ ከእኛ ጋር እንድትጽፍ እንለምንሃለን።